በ«ኖር!» የወደቅኩት ኦዲሽን

ዛሬ ፊልም ያመለጠኝ በሁለት እግሮቼ ምክንያት ነው።

ተሰብረው እንዳይመስላችሁ። ጤነኛ ስለሆኑ ነው!

ቆይ፣ አትሳቁ። ነገ ከወረታ ሰው አፍ ተጣሞ ከምትሰሙት ዛሬ ከኔው ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ነው። አዳራሹ ውስጥ ስልኩን ደግኖ ሲቀርጽ የነበረ ሰውም አለ መሰለኝ። ወንድሜ፣ ማን እንደሆንክ አላውቅም፤ በእመቤቴ ይዤሃለሁ፣ አጥፋው!

ለአዲስ ፎሎወሮቼ፦ ትርንጎ እባላለሁ። ወረታ መናኸሪያ አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው። ቀን ቀን የሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ መታወቂያ ኮፒ አደርጋለሁ። ከሥራ ስወጣ ደግሞ እዚህ መጥቼ የአክስቴን አነጋገር፣ የባጃጅ ሹፌሮችን ጭቅጭቅ፣ የጎረቤታችንን ዶሮ አጠራር ሳይቀር እያስመሰልኩ አስቃችኋለሁ።

«አንቺ ልጅ ተዋናይ መሆን ነበረብሽ» እያላችሁ ኮሜንት ስር የምትደረደሩት እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ የጥፋቱ ግማሽ የእናንተ ነው። ከወዲሁ እንተማመን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፎገራ ሜዳ ላይ ፊልም ሊቀረጽ ነው ተባለ። ዛሬ ደግሞ ከተማችን ውስጥ በአንድ አዳራሽ ኦዲሽን አለ ተባለ። ማስታወቂያውን ከሁለት ሳምንት በፊት ራሴ ነኝ ኮፒ ያደረግኩላቸው፤ ሃምሳ ቅጂ! «ወጣት ሴት፣ የአካባቢውን አነጋገር የምትችል» ይላል።

የአካባቢውን አነጋገር! እኔ ሌላ ምን አነጋገር እችላለሁ?

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለም። ተዋናይ ኦዲሽን ላይ እንዴት መሆን እንዳለበት የሚያስተምር ቪዲዮ አንድም ሳይቀረኝ አየሁ። እያየሁ ጻፍኩ። የጻፍኩትን ታይፕ አደረግኩ። ታይፕ ያደረግኩትን ፕሪንት አደረግኩ። ፕሪንት ያደረግኩትን ላሚኔት አደረግኩ። ያለሁት ፎቶ ኮፒ ቤት ነዋ!

ቀድመሽ ድረሺ ይላል። ስልክሽን አጥፊ። ካሜራውን አትዪ። ሰበብ አታብዢ። ከዳይሬክተሩ ጋር እንዳትከራከሪ። መጨረሻ ላይ፣ በደማቁ፣ በትልቁ፦ «ካት» ሳይባል፣ ጣሪያ ቢናድ እንኳ ከገጸ ባሕሪሽ እንዳትወጪ!

ይቺ የመጨረሻዋ ናት ጉድ የሠራችኝ። ያዙልኝ።

አሁን አባዬን ላስተዋውቃችሁ። ያለ እሳቸው ታሪኩ አይገባችሁም።

አባዬን ሰው ሁሉ አያ ታከለ ይላቸዋል። ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ ሩዝ ያመርታሉ፤ ቦራ የሚባል፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት በሬ አላቸው። ቦራን ከኔ ይበልጥ ይወዱታል አልልም። ግን እኔን «ቆንጆ» ብለውኝ አያውቁም፣ ቦራን በየቀኑ ይሉታል።

ፊልም የሚባል ነገር አይወዱም። አንድ ቀን ጎረቤት ቤት ቴሌቪዥን ላይ አንዷ ስታለቅስ አዩና «ለመሆኑ ማን ሞቶባት ነው?» አሉ። ማንም አልሞተባትም፣ ሥራዋ ነው ተባሉ። አባዬ «ሳይሞትባት እንዲህ ያለቀሰች፣ የሞተባት ቀን በምኗ ልታለቅስ ነው?» ብለው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ፊልም አላዩም።

ሌላው ደግሞ፣ እኛ ቤት አስተዳደግ ማለት መነሳት ማለት ነው። ትልቅ ሰው ሲገባ ብድግ ትላለህ፣ «ኖር!» ትላለህ፤ እሱም «በእግዜር!» ብሎ ያስቀምጥሃል። አለቀ። ሂሳብ ብትወድቅ ይቅር ትባላለህ፣ ይሄን ብትስት ግን ወዮልህ።

የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ እየበላሁ እንግዳ ገባ። ሳህኑ ጭኔ ላይ ስለነበር አልተነሳሁም። አባዬ አልመቱኝም፣ አልጮሁብኝም። እንግዳው ሲወጣ ጠሩኝና «ልጄ፣ ምግብ ቢደፋ ይታፈሳል፤ የሰው ክብር ከተደፋ አይታፈስም» አሉኝ።

ሰው እንዴት በሰባት ዓመቱ እንዲህ ዓይነት ነገር ይነገረዋል? እስከ ዛሬ ድረስ በር ሲንኳኳ ጉልበቴ ከኔ ቀድሞ ይነሳል። ባንክ ቤት ወረፋ ተቀምጬ ሽማግሌ በገባ ቁጥር እየተነሳሁ ስንት ጊዜ ተራዬን አሳልፌያለሁ መሰላችሁ!

እናም ዛሬ ጠዋት አባዬን ዋሸኋቸው። «የማሽኑ ቀለም አልቋል፣ ሐሙሲት ከተማ ሄጄ ላመጣ ነው» አልኳቸው። እሳቸውም እጃቸውን አንስተው «በሰላም ሂደሽ በሰላም ግቢ፣ መንገዱን ይጥረግልሽ» ብለው መረቁኝ።

ተመርቄ ለውሸት ወጣሁ። ከዚህ በኋላ የሆነብኝ ሁሉ ቢያንሰኝ ነው።

አዳራሹ ጋ አንድ ሰዓት ቀድሜ ደረስኩ። ላሚኔቱ ያለኝን አደረግኩ። ስልኬንም ጥርቅም አድርጌ አጠፋሁት። ሰው እየበዛ መጣ፤ አሥራ አራተኛ ተመዘገብኩ። ተራቸውን የጨረሱትም አልሄዱም፣ እንደ ሠርግ ታዳሚ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ተቀመጡ። መዝገብ የያዘችው የዳይሬክተሩ ረዳት፣ ሜሮን የምትባል ልጅ፣ «ውጡ» ብትል ማን ይስማት!

ተራዬ ደረሰ።

ዳይሬክተሩ ገና ወጣት ነው። ቆብ አድርጓል፣ ሲናገር ይፈጥናል። «ዘነበች ነሽ» አለኝ። «አባትሽ ከአሥር ዓመት በፊት፣ ሜዳውን ጎርፍ የያዘው ቀን ከቤት አባሮሻል። ዛሬ ይቅርታ ሊጠይቅ መጣ። አንቺ ተቀምጠሽ ሩዝ ትለቅሚያለሽ። ይገባል፤ አትነሽለትም። ‹ልጄ› ይልሻል፤ ‹አባት የለኝም፣ ቀብሬዋለሁ› ትይዋለሽ። በቃ።»

በቃ? ይሄ ነው? መቀመጥ? ዕድሜ ልኬን ስቀመጥ ነው የኖርኩት!

በርጩማ ሰጡኝ፤ ሩዝ ያለበት ሰፌድ ጭኔ ላይ አደረጉልኝ። ልቤ በደስታ ልትፈነዳ ደረሰች። በልቤ ለእናንተ የምጽፈውን ፖስት ሁሉ ጀምሬ ነበር፤ «አልፌያለሁ» የሚለውን።

«አክሽን!»

በሩ ተከፈተ። አባት ሆነው የሚገቡት ሰው ገቡ።

መምህር በሪሁን!

አምስተኛ ክፍል አማርኛ ያስተማሩኝ መምህር በሪሁን! ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ለካ ለኦዲሽኑ እንዲያግዙ ጠርተዋቸው ኖሯል። «እንዴት ዋላችሁ?» አሉ፣ በዚያው ክፍል ውስጥ በማውቀው ድምፅ።

ብድግ! «ኖር!»

መምህርም ረስተውት «በእግዜር፣ ተቀመጪ ልጄ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዳይሬክተሩ ብቻ አልሳቀም።

«ይቅርታ፣ አስተማሪዬ ስለሆኑ ነው» አልኩት። ሰበብ አታብዢ የሚለው ያን ጊዜ ተሻረ።

«እዚህ አስተማሪሽ አይደሉም። የበደሉሽ አባት ናቸው።»

አሁን እዚህ ላይ ዝም ማለት አልነበረብኝም? ነበረብኝ! እኔ ግን ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? «ቢበድሉም እኮ ይነሳላቸዋል!» አልኩት።

እንዳትከራከሪ የሚለውም ሄደ።

ጉዱ መች በዚህ አበቃ። ከግድግዳው ሥር አንዲት እናት «እውነቷን ነው!» አሉ። አንዱ ደግሞ «የለም፣ አሥር ዓመት ያባረረማ ምን ይነሳለታል!» አለ። ሌላው «መነሳቱንስ ትነሳ፣ ግን ኖር አትበል» ብሎ መሀል ገባ። ባንድ አፍታ አዳራሹ ሽምግልና ሆነ! ኦዲሽን መሆኑን የረሳ ሰው ሁሉ ለዘነበች ይፈርዳል፣ ለዘነበች አባት ይፈርዳል። ዳይሬክተሩ ቆቡን አውልቆ ፀጉሩን ያዘ።

ሁለተኛውን ሙከራ ባልነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር።

እንዳልነሳ ብዬ እግሮቼን የበርጩማው እግሮች ላይ ጠመዘዝኳቸው። ብልህ አይደለሁም? መምህር ገቡ፣ «እንዴት ዋላችሁ?» አሉ፤ እኔም ተነሳሁ። በርጩማውም ተነሳ! ከነበርጩማዬ፣ እንቅፋት እንደመታው ሰው ጎንበስ ብዬ «ኖር!» አልኩ።

አመል ያወጣል ከመሀል ይባላል። እኔን ከነወንበሬ አወጣኝ።

ዳይሬክተሩ ቀረበና ቀስ ብሎ «የመጨረሻ ዕድል ነው» አለኝ። «ድምፅሽን ወድጄዋለሁ። ፊትሽንም ወድጄዋለሁ። በሦስተኛው ከተነሳሽ ግን ቀጣይ ነው የምለው።»

ወድጄዋለሁ አለ! ሰምታችኋል? የዋናዋን ልጅ ቦታ ሊሰጠኝ የቀረው መቀመጥ ብቻ ነው። ሰው እንዴት በመቀመጥ ይወድቃል?

አንድ ሐሳብ መጣልኝ። የሚገባውን ሰው ካላየሁ አልነሳማ! «ጀርባዬን ለበሩ ብሰጥስ?» አልኩት። «በጣም ጥሩ!» አለ። ነጠላዬን ተከናነብኩ፣ ዞሬ ተቀመጥኩ፣ ላሚኔቴን ከሰፌዱ ሥር ደበቅኳት። «ካት» ሳይባል፣ ጣሪያ ቢናድ እንኳ። ደጋግሜ አነበብኳት።

በዚህ መሀል መምህር በሪሁን ዕድር አለብኝ ብለው ተሰናበቱ። ሜሮን ሌላ ሽማግሌ ልትፈልግ ወጣች።

እኔ ውስጥ ሆኜ ውጭ ምን እየተደረገ እንደነበር አላውቅም። በኋላ ከሜሮን የሰማሁትን ግን አሁኑኑ ልንገራችሁ፤ እናንተም እንደኔ ክው ብላችሁ እንዳትቀሩ።

ለካ እነዚህ ሰዎች ለፊልሙ የሚያምር በሬ ሲፈልጉ የኛ ሰፈር ሰው ወደ ቦራ ጠቁሟቸዋል። ወሬውም አባዬ ጆሮ ደርሷል፤ «በሬህን ጎርፍ ሲወስደው ሊያሳዩት ነው አሉ፣ ሞተ ብለው!» ተብለዋል። አባዬ መጀመሪያ ለኔ ደወሉ፣ «እነዚህን ሰዎች ታውቂያቸው እንደሁ» ሊሉኝ። ስልኬ ዝግ ነው። ደገሙ። ዝግ ነው። ሦስተኛ ደወሉ።

ላሚኔቱ ስልክሽን አጥፊ ብሎኛላ!

ልጃቸው ሐሙሲት መንገድ ላይ ናት፣ ስልኳ አይሠራም። በዚህ ጭንቀት ላይ ሆነው ነው እንግዲህ ዱላቸውን ይዘው አዳራሹ በር ላይ የደረሱት። «በሬዬ በጨዋታም አይሞትም! ይህን ልናገር ነው የመጣሁ» አሏት ሜሮንን።

ሜሮን ሆዬ ፊታቸውን አየች፣ ዱላውን አየች፣ ጋቢውን አየች። «አባት፣ ዳይሬክተሩ ውስጥ ነው፣ ይግቡ» አለቻቸው። «ሲገቡ ሰላም ይበሉ። ዞራ የተቀመጠች ልጅ አለች። ‹ልጄ› ይበሏትና እስክትመልስልዎ ይጠብቁ።» አባዬም የበሬ ጉዳይ የምታየዋ ልጅ መስላቸው «እሺ» አሉ።

«አክሽን!»

በሩ ሲጥ አለ። ዱላ ሲሚንቶውን ነካ ነካ አደረገ። ከዚያ ሳል መጣ።

አንድ ሳል አለ፣ እኛ ቤት በር ላይ የሚሳል። «መጥቻለሁ፣ ተስተካከሉ» የሚል ሳል። እሱን ሳል ሕፃን ሆኜም አውቀዋለሁ፣ ሞቼም አልረሳውም።

«እንዴት ዋላችሁ?»

አባዬ!

ክው አልኩ። እጄ ሩዙ ላይ ቀረ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይሄ ነው! ሐሙሲት ነኝ ያልኳቸው አባቴ፣ ወረታ ላይ፣ ኦዲሽን ላይ፣ ከጀርባዬ ቆመዋል።

እስቲ እናንተው ፍረዱ። ብነሳ ፊልሙ ሄደ፤ ዳይሬክተሩ በጆሮዬ ነግሮኛል። ባልነሳ ደግሞ ያሳደጉኝ አባቴን በመቶ ሰው ፊት ቁጭ ብዬ ተቀበልኩ ማለት ነው፤ ወረታ ላይ! ነገ ገበያው ሁሉ «የአያ ታከለ ልጅ» እያለ ሊያወራው ነው።

ከሰፌዱ ሥር ላሚኔቷ አጮልቃ ታየኛለች። ጣሪያ ቢናድ እንኳ።

አልተነሳሁም።

ጉድ በሉ! እኔ ትርንጎ፣ አልተነሳሁም። ጉልበቴ እንዳይነሳ ሁለት ክርኔን ጭኔ ላይ ተክዬ ሩዝ እለቅማለሁ። ምን ሩዝ፣ ጠጠሩን ትቼ ሩዙን ነበር የምጥለው!

አባዬ መልስ ጠበቁ። አሁንም ጠበቁ። ሰላም ብለው የሚመልስላቸው ያጡበት ቤት በዕድሜያቸው አይተው የሚያውቁ አይመስለኝም። «እንዴት ዋላችሁ አልኩ እኮ» አሉ ቀስ ብለው። ዞረው መጡና ከነጠላዬ ሥር አዩኝ።

«ትርንጎ?»

ሩዝ።

«አንቺ ሐሙሲት አይደለሽም እንዴ?»

ሩዝ። ሩዝ። ሩዝ። ስክሪፕት ይሁን እውነት አዳራሹ ውስጥ ማንም አላወቀም። ዳይሬክተሩ በእጁ «ቀጥሉ! ቀጥሉ!» ይላል።

በዓይኔ ጫፍ አባዬን አየኋቸው። የምነሳበትን ጊዜ ሰጡኝ። እንዳልተነሳሁ ገባቸው። እኔ ቁጣ ነበር የጠበቅኩት። ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር።

የደነገጡ አባት ናቸው የነበሩት። ፊታቸው አመድ ሆኗል። ልጃቸው አባቷ ገብቶ ካልተነሳች መነሳት አቅቷት እንጂ ሌላ ምክንያት ሊኖራት ይችላል ብለው አላሰቡም። በሐሳባቸውም አልመጣ!

ዱላቸውን ጣሉ። እግሬ ሥር በርከክ አሉ። ቁርጭምጭሚቴን በሁለት እጃቸው ያዙና ይዳስሱ ጀመር።

«እግርሽን ምን ሁነሽ ነው? መኪና ነው? ስደውል ስደውል ያላነሳሽው ለዚህ ነው? አይዞሽ፣ ወንዛዬ እወስድሻለሁ፣ ፍል ውኃው ያሽረዋል፣ ዛሬውኑ እወስድሻለሁ…» ድምፃቸው ተቆረጠ። «ልጄ?»

«ልጄ» አሉ። ከዚህ በኋላ ተራው የኔ ነው!

ጓደኞቼ፣ የምነግራችሁን ነገር እኔም አላምነውም። አፌ ተከፈተ። ለሁለት ሳምንት መስታወት ፊት የተለማመደ አፍ ነው፣ በራሱ ተከፈተ።

«አባት የለኝም» አልኩ።

አልኩት። አባቴ እግሬን ይዘው፣ ከአናታቸው በላይ፣ አልኩት።

እጃቸው እግሬ ላይ ቆመ።

«ቀብሬዋለሁ» የሚለው ቀርቷል። አንዲት ቃል ናት። እሷን ብላት ኖሮ ምናልባት አሁን ሌላ ፖስት ነበር የምታነቡት፤ ፎቶዬን ለጥፌ፣ ልብ የምትደረድሩበት። አልወጣችም። በሷ ፈንታ ከሆዴ ምን ወጣ?

«ኖር! ኖር አባዬ! ኖር! ኖር!»

ብድግ ስል ሰፌዱ ተስፈነጠረ። ሩዙ ሰማይ ወጣ። ካሜራው ላይ ወረደ፣ ዳይሬክተሩ ቆብ ውስጥ ገባ፣ ላሚኔቴ በረረችና የሜሮን እግር ሥር አረፈች። እንደተነሳሁ ቆሜ አልቀረሁም፤ ወድቄ የአባዬን ጉልበት አቅፌ እየሳምኩ እጮሃለሁ።

አባዬ ደግሞ፣ ምን እንደተደረገ አንዱም ሳይገባቸው፣ ሩዝ ፀጉራቸው ላይ እንዳለ፣ ከልምድ የተነሳ ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

«በእግዜር።»

ከዚያ ጭብጨባው! ያቺ «እውነቷን ነው» ያሉት እናት እልል አሉ።

«ካት» አለ ዳይሬክተሩ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ከሩዙ ይሁን ከዕንባ አላውቅም። ወደኔ መጣ። ሊያባርረኝ ነው ወይስ ሊያቅፈኝ ብዬ ስጠብቅ በአጠገቤ አልፎኝ ሄደ።

አባዬን አቀፋቸው!

«አባት፣ እስካሁን የት ነበሩ?» አላቸው።

«ሩዝ ሳስወቃ» አሉ አባዬ።

ባጭሩ ልንገራችሁ። የዘነበችን አባት ቦታ ያገኙት አያ ታከለ ናቸው። ስለ በሬ ሊሟገቱ የመጡት! ፊልም አልወድም ያሉት! ሁለት ሳምንት የተለማመድኩት እኔ ሩዝ እለቅማለሁ፣ እሳቸው በአንድ ሳል አለፉ።

አባዬም ዝም ብለው እሺ አላሉም። «እኔ መዋሸት አልችልም» አሉት። «አይዋሹ። ልክ አሁን እንዳደረጉት፣ ይቺ ልጅ ምን ሆነች ብለው ግራ ይጋቡልኝ፣ በቃ» አላቸው። አባዬ አየት አደረጉኝና «እሱንማ ሃያ ሦስት ዓመት ለምጄዋለሁ» አሉ። አሁንም ጭብጨባ። በኔ ኦዲሽን!

ቦራ እንደማይሞት ቃል አስገቡት። ከዚያ «ልጅቱስ?» አሉት።

ዳይሬክተሩ አየኝ። «ሐሙስ ትምጣ። ተቀምጣ ከቆየች ቦታው የሷ ነው። ከተነሳች ግን ሌላ ልጅ አለችኝ» አለ።

ሰው ሲበተን እኔና አባዬ ተንበርክከን ሩዙን ከሲሚንቶው ላይ አፈስን። አባዬ እፍኛቸውን ሰፌዱ ላይ እየገለበጡ «ሩዙስ ይታፈሳል» አሉ። የቀረውን ሳይጨርሱት ተዉት። እኔ ግን ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ የማውቀው ነገር ነው፣ እዚያው ሰማሁት።

ወደ ቤት መንገድ ጀመርን። የታጨደው ማሳ ደርቋል፣ ገለባው ተከምሯል፣ የሚያልፈው ሰው ሁሉ «አያ ታከለ እንዴት ዋሉ» ይላል። እኔ ከኋላ ከኋላ። በመጨረሻ አልቻልኩም። «አባዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

«ስለ የትኛው ነው?» አሉ። ልክ ናቸው፤ ብዙ ነው።

«ስለ ሁሉም።»

«የዋሸሽኝ ከፍቶኛል፤ መርቄ ነው የላክሁሽ። ያ ‹አባት የለኝም› ያልሽው የወረቀት ነው አሉኝ፣ ይሁን፣ የወረቀት ነው።» ትንሽ ሄዱ። «ያለመነሳትሽን ግን ቅያሜዬ አድርጌ አልያዝሁትም። እግርሽ የተቆረጠ መስሎኝ ነበር። ስትነሽ ተመስገን አልሁ።»

እዚያው መንገዱ ላይ አለቀስኩ። ያለ ካሜራ፣ ያለ «አክሽን»። ማን ሞቶባት ነው እንዳይሉኝ ፈርቼ ቶሎ ጠረግኩት።

ቤት ገብተን እማዬ ሁሉንም ሰምታ ስቃ ስቃ ሆዷን ከያዘች በኋላ፣ አባዬ በርጩማውን አምጥተው መሀል ቤት አስቀመጡ። ሰፌድ ሰጡኝ። «ተቀመጪ» አሉኝ። «እኔ እወጣና እገባለሁ። አንቺ አትነሽም። ሐሙስ ሩቅ አይደለም።»

ከብቱ ሳይገባ ጀምሮ ይወጣሉ፣ ይገባሉ። ይስላሉ። «እንዴት ዋላችሁ?» ብድግ! «ኖር!» «ተቀመጪ አልኩ!» ይወጣሉ። ይስላሉ። ብድግ! እንድነሳ ያስተማሩኝ ሰው እንዳልነሳ ሊያስተምሩኝ በገዛ ቤታቸው በር ላይ ላብ በላብ ሆኑ። እማዬ ከጓዳ «እግሯን እሰረው!» ትላለች።

በስንተኛው እንደሆነ አልቆጠርኩም፣ አንዴ ቻልኩ።

ገቡ፣ ሳሉ፣ «እንዴት ዋላችሁ?» አሉ፣ እኔ ሩዜን ለቀምኩ። ቀና አላልኩም። ጉልበቴ ጸጥ አለ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቆጠርኩ። ችያለሁ! ፊልሙ የኔ ነው!

ቀና ስል አባዬ በሩ ላይ እንደቆሙ ናቸው።

«ደግ። ይኸው ቻልሽ» አሉ። ግን አልገቡም። መደቡን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ዱላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ጠፍቷቸዋል! በገዛ ቤታቸው እንዴት ብለው እንደሚቀመጡ ጠፍቷቸዋል።

«በይ እንግዲህ» አሉ ቀስ ብለው፣ «አሁን ደግሞ ተነሺልኝና ልቀመጥ።»

ብድግ አልኩ። «ኖር አባዬ!»

«በእግዜር» አሉ፤ ተቀመጡ፤ ተነፈሱ።

ይህንን ፖስት ስጽፍ ሦስት ጊዜ ወጥተው ገብተዋል፣ ሦስት ጊዜ ስልኬ ከእጄ ወድቋል። ላሚኔቷን ሜሮን መልሳልኛለች፤ ግድግዳ ላይ ሰቅያታለሁ፤ ጣሪያው አልተናደም።

እስቲ እናንተ ንገሩኝ፤ አባታችሁ ሲገባ ተቀምጣችሁ መቆየት የምትችሉ፣ ይህን ጉልበት ከየት አመጣችሁት? እስከ ሐሙስ የሚያውሰኝስ አለ?